የቱርኮቹ ጠረጴዛ

ግንቦት 3

ዛሬም መብራት የለም። ጄኔሬተሩ የተነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳ ላይ ሰው በዛ፣ እግሬ አብጧል። ራቴን ማንጎ በላሁ፣ ልተኛ ነው። የአሶሳ ማንጎ ባይኖር ግንቦትን እንዴት እንደምንገፋው እንጃ።

ልንወጣ ስንል ማናጀሩ ሰበሰበን። ኤልያብ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፣ ስብሰባ ግን ነፍሱ ነው። መንገድ የሚሠሩት ቱርኮች ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ራታቸውን እኛ ሆቴል ሊበሉ ነው አለ። ጥሩ። ከዚያ ደግሞ… ሁላችሁም ቱርክኛ ትማራላችሁ። አስተማሪው ማነው? እሱ ራሱ። ከየት ተማረው? ከስልኩ!

ሳቄ መጣ። የመጨረሻው ነገር ግን አላሳቀኝም። የቱርኮቹን ጠረጴዛ በደንብ የያዘች ዋና አስተናጋጅ ትሆናለች አለ። ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ትሪ ተሸክሜያለሁ። ከባምባሲ ስመጣ ያገኘኋቸው አስተናጋጆች ሁሉ ሄደዋል፣ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ቦታው ከተለቀቀ ጀምሮ "ያንቺ ነው ብሪቱ፣ አታስቢ" ሲለኝ ነበር። አሁን በቱርክኛ ውድድር ሆነ? ደሜ ፈላ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለቴም አናደደኝ።

ግንቦት 5

ትምህርት ተጀመረ። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ። ኤልያብ ስልኩን እያየ ያነባል፣ እኛ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እንቀበለዋለን። "ቾክ አችም።" "ብር ማሳ ሉትፈን።" "ሄሳፕ ሉትፈን።" ትርጉሙን ጠየቅኩት። "ቾክ አችም" እንኳን ደህና መጣችሁ ነው አለ። የሌላውንስ? መጀመሪያ አፋችሁን አስለምዱ፣ ትርጉም ኋላ ይመጣል። ይሄ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ትህትና የምትባል አዲስ ልጅ አለች፣ ገና ወሯ ነው። ድምጿ ያምራል። ለእሷ አጨበጨበላት። እኔ "ሉትፈን" ስል "ይሄ ደግሞ የባምባሲ ቱርክኛ ነው" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? እስካሁን ያበሳጨኛል።

ኸድራ ብቻ አልሳቀችም። ወጥ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፣ መንጌ የተወለደች የቤርታ ልጅ። አማርኛዋ አንተንና አንቺን አይለይም፣ አረብኛ ግን ትሰማለች። "ሄሳፕ ሒሳብ ነው። አረብኛ ነው። እናንተም ትላላችሁ" አለችን በወጥ ቤቱ መስኮት። እውነቷን ነው! ቱርክኛ ውስጥ አረብኛ ካለ የቀረውን እሷ ትፈታልኛለች ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ግንቦት 7

አልጋዬ ላይ ሆኜ "ቾክ አችም… ቾክ አችም…"። አከራዬ በግድግዳው በኩል አመመሽ እንዴ አሉኝ።

ግንቦት 10

መጡ። ትልቁን ጠረጴዛ ሞሉት። እኔ ጸጉሬን ተሠርቻለሁ፣ ሸሚዜን ተኩሻለሁ። ፊታቸው ቆምኩና ፈገግ ብዬ "ቾክ አችም!" አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቅ… ጠረጴዛ እየመቱ። አንዱ ወንበር ሳበልኝ። ሌላው ዳቦ ቆርሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዳቦ ይዤ ቆምኩ፣ ምን ላድርገው? ጀማል ኡስታ የሚሉት ሽማግሌያቸው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሆዱን እየዳበሰ፣ እጁን ወደ አፉ እየወሰደ በምልክት አስረዳኝ። ለካ "በጣም ርቦኛል" ነው ያልኩት። እንግዳ ፊት ቆሜ ርቦኛል!

ወጥ ቤት ገብቼ ነው የገባኝ። ኤልያብ ያስተማረን የበላተኛ ቱርክኛ ነው። ቱርክ አገር ሄዶ ሬስቶራንት ለሚገባ ሰው የተጻፈ። ጠረጴዛ ስጡኝ፣ ርቦኛል፣ ሒሳብ አምጡልኝ። የምናበላው እኛ፣ ርቦኛል ባዮቹም እኛ! ሄጄ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እንግዳ ከሳቀ ምን ችግር አለው አለ። በእሱ ቢስቁበት ያየው ነበር።

ግንቦት 11

ራሴ እማራለሁ። በንዴት እማራለሁ።

ጀማል ኡስታን በምልክት ጠየቅኩት፣ አንድ በአንድ ነገረኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ "ሆሽ ገልዲኒዝ" ነው። ምግብ ሳስቀምጥ "አፊየት ኦልሱን" እላለሁ። ኸድራ አፊየት ዓፊያ ነው፣ ጤና ነው አለችኝ። ይጨመር ወይ ለማለት ደግሞ "ዳሃ ኢስተር ሚሲኒዝ"። ይሄኛው ምላሴን አሰረው። ባጃጅ ውስጥ ስለማመድ ሹፌሩ በመስታወት ደጋግሞ አየኝ። ይየኝ።

ግንቦት 12

ዛሬ አማረልኝ። "ሆሽ ገልዲኒዝ" ስል ሁሉም ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። የኸድራን ጥብስ በልተው ሲጨርሱ ጀማል ኡስታ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ "ኤሊኒዜ ሳልክ" አለ። እጅሽን ጤና ይስጠው እንደማለት ነው። እኛ እጅሽ ይባረክ እንደምንለው።

የሆቴሉ ባለቤት አቶ ገረሱ በአጋጣሚ እዚያ ነበሩ። ይቺ ልጅ ቱርክኛ ከየት አመጣች ሲሉ ኤልያብ ቀድሞ "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አለ። ዓይኔን እያየ! አንዲት ቃል ሳያስተምረኝ… ዳቦ ያስለመነኝ ሰውዬ። ግድ የለም፣ ቦታውን ብቻ ይስጠኝ አልኩ በሆዴ።

ግንቦት 14

ራቴን ሳልበላ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

የምስር ሾርባ ነበር፣ ከምድጃ እንደወረደ የሚፈላ። ጀማል ኡስታ አንድ ሳህን ጨረሰ። "ዳሃ ኢስተር ሚሲኒዝ?" አልኩት፣ ጥርት አድርጌ። ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ። እሺ ብሎኝ የለ? ጨመርኩለት። በላ፣ ቀስ እያለ። ተመልሼ ጠየቅኩት። አሁንም ቅንድቡን አነሳ፣ "ሃይር" አለ። ይሄን ቃል አላውቀውም። በመስኮቱ ኸድራን ጠየቅኳት። "ኸይር ነው። ጥሩ ነው ይላል። ወደደ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ጭልፋውን ሞልቼ ሄድኩ።

ሳህኑን በእጁ ከደነው። ይሉኝታ ነው አልኩ። ይጨመር ሲባል ሳህኑን የማይከድን እንግዳ የት አለ? "በሞቴ" አልኩና እጁን ያነሳል ብዬ ጭልፋውን አዘነበልኩ። አላነሳም።

ጮኸ። ወንበሩ ወደቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ይዤ ሮጥኩ። ኤልያብ ውሃውን ከእጄ ነጥቆ ራሱ አፈሰሰለት። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ "አንቺ ደንቆሮ፣ ደግሞ እንግዳ ታቃጥይ ጀመር?" አለኝ።

ደንቆሮ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ። በየቀኑ ቁርስ የማቀርብላቸው አስተማሪዎች አንገታቸውን ደፉልኝ። ይሄ ከስድቡ ይብሳል።

ግንቦት 15

ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ አጣቢ ነሽ አለኝ ኤልያብ። ጠረጴዛውን ለትህትና ሰጣት። ወደ አዳራሹ የምመለሰው ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቱርኮቹ ፊት ቆሜ ይቅርታ ስጠይቅ ብቻ ነው። ቃሉንም ከስልኩ አውጥቶ አነበበልኝ። "ኦዙር ዲለሪም።" ኸድራን ጠየቅኳት፣ ኦዙር ይቅርታ ነው አለች፣ ልክ ነው። አያችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁን ያጣ ስልክ ይቅርታን አላጣውም!

የሰውየውን እጅ አቃጥያለሁ፣ አውቃለሁ። ቆዳው ሲቀላ አይቻለሁ፣ ሌሊቱን ሁሉ ዓይኔ ላይ ነበር። ግን እሺ አለኝ፣ ጥሩ ነው አለኝ፣ ጨመርኩ። ምን አጠፋሁ? አቶ ገረሱ ኤልያብ ላይ ጮኹ፣ እሱ በእኔ ተወጣው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት የሚለው አፍ አሁን የት ሄደ?

አልጠይቅም።

ግንቦት 17

ሳህን። ሳህን። ሳህን። እጄ በኦሞ ተላጠ።

ትህትና መጥታ አጠገቤ ቆመች። እኔ አልጠየቅኩትም፣ ራሱ ነው ያደረገኝ አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። በእሷ ልናደድ ፈልጌ ነበር፣ እምቢ አለኝ።

ግንቦት 19

ጀማል ኡስታ ወጥ ቤት መጣ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሊከሰኝ ነው ብዬ ሳህኑን ለቀቅኩት። ለካ ካርቱም ሠርቶ ያውቃል፣ የተሰባበረ አረብኛ አለው። ለኸድራ ነገራት፣ ኸድራ ለእኔ።

"ብሪቱ፣ እሱ ይጠይቃል። 'እኔ ምን በደልኩ? አይ አልኩ፣ እሷ ጨመረ። አይ አልኩ፣ እሷ ጨመረ' ይላል።"

መቼ ነው አይ ያለው? ጮህኩ። መቼ?

ሰውየው ቅንድቡን ወደ ላይ አነሳ። ምላሱን ጠቅ አደረገ። "ሃይር" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ኸድራ ጠየቀችው፣ መለሰላት፣ ደግማ ጠየቀችው። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች።

"ያ ረቢ! ሃይር እነሱ ጋር አይ ነው። ቅንድብም አይ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋ። ኸይር መስሎኝ።"

ቅንድብ! እናቴ ቅንድቧን አንስታ እሺ ትላለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ አገሩ ሁሉ እሺ ይላል። እነሱ ያንኑ ቅንድብ አንስተው አይ ይላሉ። ማን ያውቃል? ሰውየው በቃኝ እያለ ሲለምነኝ እኔ ወደደው ብዬ ስገለብጥበት… በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ፋሻውን አየሁት። ዳሩ ቢጫ ሆኗል። "ኦዙር ዲለሪም" አልኩት። ማንም ሳያዘኝ ወጣ። ደህናውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። አለቀስኩ፣ ያውም እሱ ፊት።

ኸድራ ለኤልያብ ልታስረዳው ሄደች። ገና ስትጀምርለት ስልኩ ጠራ። የቋንቋ ነገር ነው በቃ፣ ኋላ ትነግሪኛለሽ ብሏት ወጣ። ኋላ አልጠየቃትም። እኔንም አልጠየቀኝም። እኔ ዛሬም ሳህን አጠብኩ።

ግንቦት 22

ኸድራ ለቀቀች። ከገበያው ጀርባ ቤት ተከራይታለች፣ ምግብ ቤት ልትከፍት። ስትሰናበተኝ "አንተ ና" አለችኝ። "እኔ ይሠራል፣ አንተ ሰው ያናግራል።" አስባለሁ አልኳት።

ምኑን ነው የማስበው? እዚህ ሳህን ነው ያለኝ። ግን ዋና አስተናጋጅ የሚለው ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን ለእሱ ትቼለት ልሂድ? ደንቆሮ እንዳለኝ ልሂድ? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ግንቦት 25

ቱርኮቹ መምጣት አቆሙ። ትህትና ነች የነገረችኝ። ምግቡ ኸድራ ከሄደች ወዲህ አይበላም፣ ያም ሆኖ መጨረሻ የመጡ ቀን ለምን ወደ አዳራሹ አትወጣም ብለው ስለ እኔ ጠይቀዋል። ኤልያብ ምን አላቸው? ታማለች። እኔ ከግድግዳው ጀርባ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቆሜያለሁ፣ ታማለች!

ግንቦት 28

ኤልያብ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ተቀመጪ አለኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ለስላሳ አዘዘልኝ። ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረው። ምን ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ዋና አስተናጋጅነቱ ያንቺ ነው አለ፣ ድሮም ያንቺ ነበር። ቱርኮቹን ደውዬ እጠራቸዋለሁ፣ አንቺ ትቀበያቸዋለሽ። ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ለባምባሲ ሰዎች ስነግራቸው ሁሉ ታየኝ።

ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ ቀጠለ።

"ብቻ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ፊት አንዲት ይቅርታ ትያለሽ። ለእኔ አይደለም፣ ለሥነ ሥርዓቱ ነው። ተስማማን?"

ለእሱ! እጁ የተቃጠለው ሰው ይቅር ብሎኝ ሄዷል፣ አሁን ለእሱ! ደንቆሮ ስላለኝ አንድም ቃል የለም። ታማለች ስላለው የለም። እዚያው ላፈነዳው ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ ከዳቦው ጀምሮ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ይሄ ሰው ሲነገረው ሰምቶ ያውቃል? ለምን ልድከም?

ቅንድቤን ወደ ላይ አነሳሁ።

"ሃይር" አልኩት።

"ጎሽ!" አለ፣ ፊቱ በራ። "ኸይር ነው፣ ኸይር። በቃ ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ እንዳታረፍጂ።" ሊሸኘኝ እስከ በሩ መጣ።

ለስላሳዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት። ሽርጤን ለትህትና ሰጠኋት፣ በቀጥታ ኸድራ ጋ ሄድኩ። ወንበሮቹ ገና አልደረሱም፣ ጠረጴዛዎቹን ቀለም ስንቀባ አመሸን። ቅዳሜ ጀማል ኡስታ ሰዎቹን ይዞ ይመጣል።

ሰኞ ኤልያብ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ ይጠብቀኛል። ይጠብቅ። እኔ እንደሆነ እሱ ራሱ ተማሪ ባለኝ ቋንቋ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ አይ ብዬዋለሁ።