ስሟን አልጠራም

መጋቢት 3

ጠዋት ባቄላ ቀቀልኩ። ከሰዓት ልጄ ራሚሮ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ እኔ ጋ ሊከርም መጣ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን ክርስትና አልተነሳችም! ስሟ ደግሞ... ትላኔሽትሊ። ጉድ እኮ ነው! የሚስቱ የማርሴሊና የተራራ ዘመዶች ናቸው ያወጡላት።

"በኛ ቋንቋ ብርሃን ማለት ነው እማማ" አለችኝ ማርሴሊና ዛሬም። "ቀስ ብለው ይሞክሩት።"

"ታዲያ እንደ ሰው ሉስ አትሏትም? እሱም በስፓኒሽ ብርሃን ነው። ትላ... ትላኔ... ኤዲያ! ምላሴ ይሰበር?"

ሳቅሁ። አቀረቀረች። ራሚሮ ግን "ተያት፣ እናቴ እኮ አቅቷት ነው" አላት። የኔ የዋህ!

መጋቢት 6

ዛሬ ማድቤት ብቻዬን ጮክ ብዬ አልኩት። ትላኔሽትሊ። ጥርት ብሎ ወጣ። ምን ይከብዳል? ግን ልበልላትና ማርሴሊናን ደስ ይበላት? እርር ትበል!

ሚያዝያ 14

ክርስትናው ዛሬ ሆነ። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፤ ራሚሮ ነው የለመነኝ። ቄሱ "ስሟን ማን አላችኋት?" ሲሉ ማንም አፉን ሳይከፍት "ሉስ!" አልኩ። ውሃው ፈሰሰ፣ አለቀ። የማርሴሊና ፊት አመድ መሰለ። ሰው ፊት ምን ታመጣለች? ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሕፃኗ ግን እቅፌ ውስጥ ሆና "ሉስ ማናት?" አለችኝ። "አንቺ ነሻ!" "አይደለሁም" ብላ አለቀሰች። ደጅ የሰፈሩ ልጆች "ቦሎ! ቦሎ!" እያሉ ሲጮሁ እንደ ክርስትና እናት ወግ የቦሎውን ሳንቲም በተንኩላቸው። ለሷም ሰጠኋት። ወረወረችው። ቁርጥ እናቷን!

ሚያዝያ 17

ሄዱ። ማርሴሊና እናቷ ጋ፣ ተራራው ላይ። ራሚሮም ተከተላት። "ካንቺ ጋር አልጣላም እማዬ፤ እንዳቃተሽ አውቃለሁ" አለኝ። ይሂዱ! ቤቱ ግን ጭር አለ...

ሰኔ 2

ራሚሮ ደወለ። "ሰኔ 8 ልደቷ ስለሆነ ነይ። ማርሴሊናም እሺ ብላለች። ስሟን እንደምንም ሞክሪ፤ ብትሳሳቺም ግድ የለም። አትሳቂ ብቻ።"

አሻንጉሊት ገዛሁ። ናፍቃኛለች፣ ለምን እዋሻለሁ?

ሰኔ 8

ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱ ገደለኝ። እዚያ ሰፈር እንግዳ አጥር ሥር ቆሞ የሚፈልገውን ሰው ስም ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። አሻግሬ ሳይ ሕፃኗ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጭቃ ታቦካለች። ፀጉሯ አድጓል። ሳላስበው "ትላኔሽትሊ!" አልኩ።

"አቤት!" ብላ ዞረች። ሳቀች። እየሮጠች መጣች።

ራሚሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል።

"እማዬ... ትችይ ነበር እንዴ?"

"ኧረ ባጋጣሚ ነው የወጣልኝ!"

"እስቲ ድገሚው።"

"ትላ... ትላኔ..." ምን ነካኝ? ምላሴ የለመደውን አደረገ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟገትልሽ!" አለ። ሕፃኗን ብድግ አድርጎ አቀፋት።

"አያቴ መጣች!" አለችው።

"አያትሽ ስምሽን መጥራት አትችልም። ይቺ ሌላ ሴትዮ ናት።"

ይዟት ገባ። በሩን ዘጋ። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪደርስ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠራኋት። ደጋግሜ፣ ጥርት አድርጌ። አቤት የሚለኝ ጠፋ።