ረጅሙ መስመር ጭራው አልነበረም

ቺያንግ ማይ፣ ጁላይ 13 ቀን 2568 በቡድሃ አቆጣጠር

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ካንፕሉ፣

እንዴት ከርመሻል? የኦስሎ ልጆችሽስ? እኛ አለን፤ እማዬም እንደነበረችው ናት። የላክሽላት የሱፍ ሹራብ ደርሷል። በዚህ ሙቀት ምን እንደምታደርግበት አንቺው ታውቂያለሽ፤ እሷ ግን ታቅፋው ትውላለች።

ሥራዬን “ኮከብ መቁጠር” እያልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ዛሬ ግን ስሚኝ። ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ እምብርቱ አንዳንዴ ተወርውሮ ይወጣል። ፑልሳር እንለዋለን። ስፋቱ ከከተማችን አይበልጥም፤ ግን በሰከንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይከንፋል፣ ወደ ተወለደበትም አይመለስም። ከኋላው በኤክስሬይ የሚታይ ጭራ ይተዋል። ጭራውን ወደ ኋላ ከተከተልሽ ቤቱን ታገኛለሽ።

እኔም አንድ ረጅም ደማቅ መስመር ተከትዬ የትውልድ ቦታውን አገኘሁ ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ አጃን ቲዋ አይተው ሳቁ። “ፋይ፣ ይሄ እኮ ከፑልሳሩ ወደ ጎን ያፈተለከ የብናኝ ጅረት ነው። ጭራው ያቺ አጭሯ፣ ደብዛዛዋ ናት” አሉኝ። የሦስት ወር ልፋቴን ውሃ በላው። አፍሬ ከመጀመሪያው ሠራሁት። የታረመውን ጀርመኖች ወደዱትና ቦን ላይ የሁለት ዓመት ሥራ ሰጡኝ። እስከ ጁላይ 31 መልስ ይጠብቃሉ።

አጃን የሳቁብኝ ቀን አንቺን አሰብኩ። ሹራቡ፣ ፎቶው፣ የእሁድ ስልክሽ ሁሉ ደማቅ ነው፤ ብከተለው ግን ቤት አያደርስም። ተናድጄብሻለሁ እትዬ፣ ልደብቅሽ አልችልም።

ያልነገርኩሽም አለ። እማዬ ከታመመች ወዲህ የምትጠራው አንቺን ብቻ ነው። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ። መጀመሪያ “ፋይ ነኝ” እያልኩ አርማት ነበር፤ ታለቅሳለች፣ ምግብ እምቢ ትላለች። ስለዚህ “ካንፕሉ” ስትል “አቤት” ማለት ጀመርኩ። አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ብሄድ የምትጠፋባት አንቺ ነሽ፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ። በስምሽ ታስሬያለሁ።

ትናንት ጠዋት የሩዝ ሾርባዋን ሳጠጣት፣ ድንገት “ፋይስ? ታናሽሽ የት ሄደች?” አለችኝ። በእነዚህ ሁሉ ወራት ስሜን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነው። ማንኪያውን አስቀመጥኩት።

“ውጭ አገር ሄዳለች፣ እማዬ” አልኳት።

እጄን ይዛ፣ “እሰይ፣ ትሂድ። እዚህ ተቀምጣ ምን ታደርጋለች? አንቺ አለሽልኝ” አለች።

ለቦን “አልመጣም” የሚል ደብዳቤ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። እስከ 31 ጠዋት ድረስ አልልከውም። እትዬ፣ ነይና ስምሽን ተረከቢኝ።

መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ፤ ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ።

እናታችን እንድትሄድ የመረቀቻት ታናሽሽ፣
ፋይ