አባ ቀስ እና ከልባቸው ጀርባ ያለው ቧንቧ

በሰፈሩ ሁሉ «አባ ቀስ» የሚባሉት የቧንቧ ሠራተኛ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 4 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው ሲወለዱ እንኳ አላለቀሱም፤ አዋላጇ ናቸው በጥፊ ያስለቀሷቸው።

በ1956 ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቀው በውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። «ቀስ! ከኋላው ምን አለ?» ሳይሉ ግድግዳ በስተው አያውቁም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። የረጠበ ግድግዳ በቁም ሣጥን የሚሸፍን ደንበኛ ሲያጋጥማቸው ግን የስድብ መዓት ያወርዱበት ነበር።

በ1964 የአንድ ትምህርት ቤት ቧንቧ ሊጠግኑ ገብተው የአንድ ሰዓቱን ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጁበት። ምክንያቱ የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ነበሩ። በዚያው ዓመት ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በ2004 የልባቸው ምት ይዘበራረቅ ጀመር። የልብ ሐኪሙ በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት እንደሚተኩሱ ሲያስረዱ፣ አባ ቀስ ከአልጋው ቀና ብለው «ቀስ! ከኋላው ምን አለ?» አሉ። ሐኪሙ ስቀው እውነቱን ነገሯቸው። ከልብ ጀርባ ተጠግቶ የምግብ ቧንቧ ያልፋል፤ ሙቀቱን ለመከታተል መለኪያ በጉሮሮ ይገባል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ ይቆስላል፤ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ይበሳና ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ እስከ ሁለት ወር ድረስ ትኩሳት ወይም ሲውጡ ሕመም ከተሰማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ አስጠነቀቋቸው። አባ ቀስም «አንተስ ሙያ ታውቃለህ» ብለው ፈረሙ።

ሕክምናው ሰመረ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ግን ሲውጡ ደረታቸውን ይወጋቸው ጀመር። «ግድግዳውን በቁም ሣጥን ሸፈንክ» እያሉ ሌላውን ሲሰድቡ የኖሩት ሰው ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደበቁት! የትንሿ ልጃቸው ሠርግ ስለደረሰ ቤቱን ማሸበር አልፈለጉም። የሚያላምጡ መስለው ዳቦውን ከጠረጴዛ ሥር ለድመቷ ያቀብሉ ነበር። ባለቤታቸው ግን ሠላሳ ዓመት የሕፃናትን ውሸት ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና ሦስት ቀን ታዘቧቸው፤ በአራተኛው «ድመቷ ወፈረች፣ አንተ ከሳህ። ተነሥ!» አሉ። «ቃር ነው፣ ምንም አይደል» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! በቤት ጫማቸው ሆስፒታል ደረሱ።

በሲቲ ስካን ሲታዩ የምግብ ቧንቧቸው ቆስሏል፤ ደግነቱ አልተበሳም። ሐኪሙ ቢዘገዩ ኖሮ ሊበሳ ይችል እንደነበር ሲናገሩ መምህርቷ ባላቸውን አዩ፤ ባላቸው ኮርኒሱን አዩ። ቁስሉ በአሲድ መቀነሻ መድኃኒትና በፈሳሽ ምግብ ሻረ። ሠርጉ ላይ ሌላው ሥጋ ሲቆርጥ እሳቸው ሾርባቸውን እየጠጡ ተነጫነጩ።

አሥራ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። በሰፈሩ ያንን ሕክምና ያደረገ ሰው ከተገኘ ለሁለት ወር በየማለዳው እየደወሉ «ዋጥክ? አመመህ? እንዳትዋሸኝ!» ይሉ ነበር። ብዙዎች ተሰላችተዋል፤ ዛሬ ግን ሁሉም ሊሸኟቸው እዚህ ናቸው።

በዚህ ዓመት የሳንባ ምች ጣላቸው። መምህርቷ «ያምሃል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ፣ በጣም ያመኛል። አጠገቤ ሁኚ» አሉ። መምህርቷም ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጡና አቀፏቸው። አባ ቀስ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ሰባት ዓመታቸው በዚያው እቅፍ ውስጥ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ድንገት ካመማቸውም እዚያ እንኳ እንዳይደብቁ ይርዳልን።