ከሰሌዳው ላይ የሚወርድ ስም

እኔ ኖኤሚ ዴልቦስ፣ የሟቹ የኤሊ ዴልቦስ ሚስት፣ በፈረንሳይ ፔሪጎር አገር በሳን-ኦቫን መንደር የእንግዳ ማረፊያና የምግብ ቤት ባለቤት፣ ዛሬ ኦክቶበር 6 ቀን 1973 በመኝታ ክፍሌ ተኝቼ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ ልቤም ሐኪሙ እንደሚለው ከመጪው ክረምት አያሻግረኝም። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ከታች ማድ ቤት ሽንኩርቱ እያረረ መሆኑን ከአልጋዬ ሆኜ አሽትቼ ስለ ተናገርሁ፣ ምስክሮቹ በዚህ አይጠራጠሩም። የሚጽፍልኝ ውል አዋዋዩ ሙሴ ቫርናክ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳያለዝብ አስጠንቅቄዋለሁ።

የወለድኋቸው ሁለት ናቸው፤ ራውልና ሲዶኒ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ቤቱ ለራውል ይሁን። ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። የአገራችን ሕግ ወላጅ ልጁን ከውርስ እንዲነቅል አይፈቅድም፤ ሙሴ ቫርናክን ደጋግሜ ብጠይቀው ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ሕጉ የሚሰጠውን ይውሰድ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ማንኪያ እንዳይጨመርለት።

ከቤቱ በላይ ያለው የወይን ተክልና በምድር ቤት የተቀመጠው ወይን ሁሉ የሲዶኒ ነው። ሲዶኒ በየእሑዱ እየመጣች "እማዬ፣ ምን ልሥራልሽ?" ትለኛለች። ራውል አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን "እማዬ፣ ደረጃው ላይ አትቁሚ፣ እንግዳ ይመጣል" ይለኛል።

ምክንያቴ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ኤሊ ደስታ የሚያውቅ ሰው ነበር። በየክረምቱ ቤታችንን ዘግተን በባቡር አገር ለአገር እንዞር ነበር። ሌላው ሰው ግንብና ቤተ ክርስቲያን ሊያይ ይጓዛል፤ እኛ የምንጓዘው የሰው ማድ ቤት ልንቀምስ ነው። በብሬታኝ ስስ ቂጣ ከፖም ጠጅ ጋር፣ በአልዛስ የኮመጠጠ ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር በልተናል። ኤሊ የትም ቢሆን ሻብሮ ሳያደርግ ከገበታ አይነሣም፤ ሾርባው ሊያልቅ ሲል ከሳህኑ ሥር በቀረው ትኩስ ላይ ወይን ያፈስበትና፣ ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ጭልጥ ያደርገዋል። አባቶቻችን ሁሉ እንዲሁ ነው የጠጡት። በስትራስቡር ያረፍንበት ቤት ባለቤት ይህን አይታ ሳቀችና፣ "ሙሴ፣ የናቁት ወይኔን ነው ወይስ ሾርባዬን?" አለችው።

"እመቤቴ፣ ሁለቱንም ስለ ወደድኩ መለያየት አሳዝኖኝ ነው" አላት።

ሌላ ሳህን ሞልታ ሰጠችው፤ ለራሷም ቀዳች። በባሌ የኮራሁበት ቀን ነበር።

ይህን ሰው ነው የገዛ ልጁ ከገበታ ያስነሣው። የምግብ ቤቶችን እየዞረ በጉዞ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከፓሪስ መጥቶ ነበር። ራውል አሳላፊዎቹን ነጭ ጓንት አስጠልቆ ሲንቆራጠጥ ዋለ። አባቱ ሳህኑን በሁለት እጁ ሲያነሣ አየና ጎንበስ ብሎ፣

"አባዬ፣ በእናትህ ዛሬ ተወው! ከከብት ጋር ገንዳ የምንጋራ ነው የሚመስለው" አለው።

"ታዲያ የት ልጠጣው?"

"ማድ ቤት ጠጣዋ! እዚያ ማን ያይሃል?"

ኤሊ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ወይኑ እጅጌው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ወደ ገበታው አልተመለሰም፤ ማድ ቤት ከማገዶው ክምር አጠገብ በላ፣ እኔም አብሬው በላሁ። እንግዳውስ ምን አለ? በልቶ ጠግቦ አፉን ሲጠርግ፣ "እዚህ አገር ሾርባን በወይን ትጠጣላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ልማዱ ቀረ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

ኤሊን በቀበርን በዓመቱ ራውል ሻብሮን በምግብ ዝርዝሩ ላይ በወርቅ ቀለም አጻፈው። ሚስቱ ሶላንዥ ደግሞ ጥቁር ሻሽ ገዝታ መጣችና፣ "እማማ፣ ይቺን አስረው እዚያች ጥግ ቁጭ ይበሉልን። እንግዶቹ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ሳህኑን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ባይጠጡትም ግድ የለም" አለችኝ። ሻሹን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት።

የቀብሬን ምግብ የምታበስለው ወጥ ቤታችን ብላንዲን ናት፤ እዚህ ቤት ስታረጅ አንድም ቀን ሾርባ አላቀጠነችም። የመዳብ ድስቶቼም የእሷ ናቸው። የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ትሥራ፤ በዝይ ስብ እንጂ በቅቤ እንዳይሆን። ለቀስተኛው ሁሉ በትልቁ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ሻብሮ ያድርግ። ራውልም ካማረው አይከልከል፤ የእሱ ቦታ ግን ማድ ቤት፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ ነው።

በበሩ ላይ "ኖኤሚ ቤት" የሚለው ሰሌዳ በተቀበርሁ ማግስት ይውረድ። ሕጉ ቤቴን ይስጠው እንጂ ስሜን እኔ አልሰጠውም። ያን ሰሌዳ ኤሊ በተጋባን ዓመት በገዛ እጁ ነው የጻፈው። ሲዶኒ ትውሰደው። ራውል የራሱን ስም ያጽፍና ማን እንደሚመጣለት ይየው።

ይህን በመናገር ላይ ሳለሁ ራውል ከበሩ ኋላ ሲያዳምጥ ኖሮ ዘው ብሎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለእኔ የደነገጠ መስሎኝ፣ ሞኝ ነኝና እጄን ዘረጋሁለት።

"እማዬ!"

"ወዬ ልጄ።"

"ሰሌዳውን ካወረድንማ በጋ ሲመጣ ሰዉ ምን ብሎ ያገኘናል? የሚያውቀን እኮ በዚህ ስም ነው!"

ሙሴ ቫርናክ መጻፉን አቆመ። ይህም ይጻፍ አልሁት። እጄንም ብርድ ልብሱ ውስጥ መለስሁ።

እኛ ምስክሮች፣ ዳቦ ጋጋሪው አልሲድ ቡሳክና ጡረተኛዋ አስተማሪ ኢሬኔ ማዝየር፣ ከተናዛዧ ጋር ዝምድናም ሆነ የውርስ ድርሻ የሌለን፣ ይህ ቃል ከአንደበቷ ሲወጣ ሰምተናል፤ ተነቦላትም ቃሌ ነው ብላለች። ከመፈረሟ በፊት ውል አዋዋዩ የምትለውጠው ነገር ካለ ጠየቃት። ወደ በሩ ተመልክታ፣ "ራውል የት ሄደ?" አለች። እንግዶች ስለ መጡ ወርዷል ብለን ነገርናት።

"እንግዲያስ የለም" አለችና ፈረመች።

ኖኤሚ ዴልቦስ
አልሲድ ቡሳክ፣ ምስክር
ኢሬኔ ማዝየር፣ ምስክር
ቫርናክ፣ ውል አዋዋይ