አንተ ዘንድ የደረሰው የሐኪም ወረቀት

ይድረስ ለወንድምጋሼ ይሄይስ ካሣዬ፣ ጆሃንስበርግ።

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ህሊናስ እንዴት ናት፣ የወገቧ ሕመም ቀለል አላት? ልጆችህ ደህና ናቸው? እዚያ ብርዱ የሚጀምረው በእኛ ግንቦት እንደሆነ ነግረኸኝ ነበርና ሱቅ ውስጥ ስትቆም ደረትህን ሸፈን አድርግ፤ ልጅ ሆነህም ሳል አይለቅህም ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷ ከሚያስቸግራት በቀር ደህና ናት። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል፤ ልጽፈው ጀምሬ ሰረዝኩት። አልናፈቅከኝም ለማለት አይደለም። ከናፍቆቱ የባሰ ነገር ሆዴ ውስጥ ስላለ ነው።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስድስት ጊዜ ደውለህ ያላነሳሁት አውቄ ነው። በስልክ ቢሆን አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ትመጣለች፤ ነገሩም እንደ ሁልጊዜው ይዳፈናል። የጎረቤታችን ልጅ አዲሱ፣ ዘመድ ጠይቆ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ ይህን ፖስታ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። አፉን በሙጫ ያሸግኩት እሱን ጠርጥሬ አይደለም። ሰሞኑን ሁሉን ነገር ማሸግ ዓመል ሆኖብኝ ነው።

የአባባን ተዝካር ልታወጣ የመጣህ ጊዜ ለእኔና ለእማዬ አዳዲስ ስልክ ይዘህልን መጣህ። የሚዛንን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ የአባባ የመሬት ደብተር ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሻጋታ በልቶት ብታገኘው በጣም አዘንክ። «ከእንግዲህ ወረቀት ሁሉ ፎቶ ይነሣ፤ ስልኩ እንኳ ቢጠፋ በኢንተርኔት ክላውድ ላይ ይቀመጣል» አልክ። ከዚያም ሁለታችንንም ባንተ ኢሜይልና ባንተ ስልክ ቁጥር በተከፈተ አንድ አካውንት ውስጥ አስገባኸን። «ቤተሰብ የሚበላው ከአንድ መሶብ ነው» ብለህ ሳቅክ። እኔም ውለታ ነው ብዬ መረቅኩህ። ተማሪዎቼን «ሳታነቡ አትፈርሙ» የምል መምህርት፣ ስልኩ የጠየቀኝን ሁሉ ሳላነብ «እሺ» እያልኩ ተጫንኩት። ፎቶው እንደሚቀመጥ ገብቶኝ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው እንዳለ ግን አልገባኝም። ያ ጥፋት የራሴ ነው፣ አልክድም።

የካቲት ላይ ሆዴን አሞኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ማህፀኔ ላይ አምስት ሴንቲሜትር የሚያህል እባጭ እንዳለ፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት፣ መውለድም ሊያስቸግረኝ እንደሚችል ሐኪሙ ጻፈልኝ። ሊያስቸግር ይችላል አለ እንጂ አይሆንም አላለም። ጅማ ላለች ሌላ ሐኪም ለመላክ ብዬ ወረቀቱን ፎቶ አነሣሁት። ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለእማዬም ጭምር። እጮኛዬ ሕዝቅያስ ያን ጊዜ ቴፒ በቡና ምርመራ ሥራው ላይ ነበር። የጅማዋ ሐኪም መልስ እንደሰጠችኝ አጠገቡ ተቀምጬ ልነግረው ነበር ሐሳቤ። የምፈልገው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር።

አንተ ግን ቀደምከኝ። መጋቢት ላይ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ስድስት ሽማግሌዎች ቴፒ በሕዝቅያስ አጎት በጋሽ ወርቅአፈራሁ ቤት ተሰብስበው ደወሉልህ። በአባባ ቦታ የቆምከው አንተ ነህና እንደ ወጉ «ከእኛ የተሰወረ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁህ። ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርገውት ነበር፤ ሕዝቅያስም እዚያው ተቀምጧል። በአካውንትህ ያየኸው ወረቀት ላይ ያለውን አንድ በአንድ ነገርካቸው። በማግሥቱ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሚዛን ድረስ መጡ። እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ነበር። እሳቸው «አምስት ሴንቲሜትር» ሲሉ እኔ የውሃ ብርጭቆ ይዤላቸው ቆሜያለሁ። ያን ቁጥር ከሐኪሙ፣ ከጅማዋና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሕዝቅያስ ከሳምንት በኋላ መጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሕመሙ እንዳላስከፋው፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ነገረኝ። ያዋረደው ከሽማግሌዎቹ ጋር እኩል መስማቱ ነው። ልነግርህ ነበር አልኩት። እንዲህ የሚባለው ሁልጊዜ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው አለኝ። ሚያዝያ 26 ሊሆን የነበረው ሠርግ ቀረ። ይዘነው የነበረው ድንኳን በዚያው እሑድ ለሌላ ሙሽራ ተተክሎ በባጃጅ ሳልፍ አየሁት። እማዬ ነገሩ የፈረሰው በሕዝቅያስ ወገኖች ትዕቢት ይመስላታል። እንዲመስላት ትቼዋለሁ።

መጨረሻ ያነሣሁልህ ቀን «ሽማግሌ ፊት ልዋሽ ኖሯል? የአባባን ስም ላሰድብ?» አልከኝ። አትዋሽ። ግን «እህቴን ጠይቄ ልመልስላችሁ» ማለት ውሸት አይደለም። የእኔን ገበና አንተ እውነተኛ ለመባል ዋጋ አድርገህ ከፈልከው። እሱንስ ሆድ ይፍጀው ልበል። ራስህ እንደነገርከኝ ወረቀቱን ካየህ በኋላ እኮ ሦስት ሳምንት ቆይተሃል። በዚያ መሐል ሁለት ጊዜ ደውለህልኝ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አወራን። አንድ ቀን «ፋና፣ አሞሻል እንዴ?» አላልከኝም። ብትጠይቀኝ ማየትህ ይታወቅብሃላ። ከሠርጉ መቅረት ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ሸዋ ቤንች ባለው ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያስተምር ሙሴ የሚባል የኮምፒውተር መምህር አለ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሚኒባስ ነው የምንሳፈረው። ምን እንደደረሰብኝ ሳልነግረው ፎቶና ሰነድ የት ባስቀምጥ ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። የምታስቀምጪበት ድርጅት ራሱ ከፍቶ ማየት ይችላል ወይ፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው፣ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ማረጋገጫው በማን ስልክ ይመጣል ብለሽ ጠይቂ አለኝ። የእኛን አካውንት ብናይ ማረጋገጫው የሚመጣው ጆሃንስበርግ ነው። ወረቀቱን ከዚህ ብሰርዘው እንኳ አንተ ስልክህ ላይ ያስቀረኸውን አይነካውም። የራሴን የማህፀን ወረቀት ለማጥፋት የወንድሜ ፈቃድ አስፈለገኝ ማለት ነው።

ከብዙ ማማረጥ በኋላ ፎቶው ገና ከስልኬ ሳይወጣ የሚቆልፈውን አገልግሎት መረጥኩ። ድርጅቱም ቢሆን ምን እንዳስቀመጥኩ አያይም። የእኔንና የአባባን የመጨረሻ ፎቶዎች ወደዚያ አዛውሬአለሁ፤ ስልኬም ካንተ አካውንት ወጥቷል። የእማዬን አልነካሁትም፤ እሷ የምትደብቅህ ነገር የላትም።

ቁልፉ አሥራ ሁለት ቃላት ነው። ሙሴ በወረቀት አስጻፈኝና ይህ ከጠፋ ድርጅቱም ሊከፍትልሽ አይችልም፣ አንድ ቅጂ ለምታምኚው ሰው ስጪ፣ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ነው አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወንድም የለሽም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ፣ ሩቅ ነው አልኩት። ቅጂውን ለማንም አልሰጠሁም።

ህሊናን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ የላካችሁትን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች በላቸው። ጎረቤታችን እትዬ ሚርያም በጣም ሰላም ትልሃለች። እማዬ ጤናህን እያሰበች ስለት ተስላልሃለች፤ በየማታው ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቅሃለችና አትርሳት።

ለቀዶ ሕክምናው ጅማ ቀን ተቆርጦልኛል። ባልደረባዬ ቤተልሔም አብራኝ ትሄዳለች። ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን አልነግርህም።

እህትህ ፋና ካሣዬ
ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.