እህቴ አፍንጫዬ ውስጥ የጨመረችውን ትናገር ዘንድ

ቀን፦ ኅዳር 12

ለጤና ባለሙያዎች ፈቃድና ሥነ ምግባር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ታላቅ እህቴ በአፍንጫዬ የወጋችውን መድኃኒት ዓይነት ለሐኪሜ ብቻ እንድትናገር እንዲፈቀድና ቃሏ በማስረጃነት እንዳይያዝባት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው በአፌ እየተነፈስኩ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ነገሬ ቢቆራረጥ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. እኔ አመልካች በፎቶ ቤት ተቀጥሬ፣ የተነሡ ፎቶዎችን በኮምፒውተር የማሳምር ሠራተኛ ነኝ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት አነሣለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ሥራዬ ግን አፍንጫ ማቃናት ነው። ሙሽሮች አያፍሩም፤ አፍ አውጥተው ይጠይቁኛል። የሚያፍሩት የመታወቂያ ፎቶ የሚነሡት ናቸው፤ እነሱ ዝም ብለው ያዩኛል፣ እኔም ዝም ብዬ ትንሽ ከፍ አደርግላቸዋለሁ። የራሴ አፍንጫ ደፍጣጣ ነበር። ቤት ውስጥ የምጠራው "ጎራዳዋ" እየተባልኩ ነው። በፍቅር ነው ይላሉ፤ በፍቅርም ቢሆን ዕድሜ ልክ ሲሰሙት ያታክታል።

2. ታላቅ እህቴ በጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ፈቃድ የተሰጣት ነርስ ናት። በሥራ ቀናት በአንድ የቆዳ ክሊኒክ ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በቤታችን የእንግዳ ክፍል ውስጥ፣ ፊለር የሚባለውን ፊት የሚሞላ መርፌ ለሴቶች ትወጋ ነበር። ይህ ያለ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ደርሶበታል። እኔም አልክድም፤ ልክድ ብልም ፊቴ ይመሰክርብኛል።

3. ነገሩ እንዲገባዎ የቤታችንን ዐመል መግለጽ ግድ ይለኛል። እኛ ቤት ነገር አይጣልም። እናቴ ያለቁ ሳሙናዎችን ቁርጥራጭ በሙቅ ውሃ አላቁጣ እንደገና አንድ ሳሙና ታደርጋቸዋለች፤ ሳሙናችን ሁልጊዜ ዥንጉርጉር ነው። እህቴም የእናቷ ልጅ ናት። ከደንበኞቿ የተረፈውን ጥቂት ጥቂት መድኃኒት ከነመርፌው ቱቦ በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር። "ይሄ የቤተሰብ ነው" ትላለች። እኔን የወጋችኝ ይህንኑ ነው፤ አንዱን ቅዳሜ ከአንዷ የተረፈውን፣ ሌላውን ቅዳሜ ከሌላዋ የተረፈውን። ከእኔ ምንም አልተቀበለችም። ክፋት የለባትም። ለባዳ አዲስ እየከፈተች ለእኔ ትራፊ መስጠቷ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ይህን ለእርስዎ እንጂ ለእሷ ለመናገር ዕድል አላገኘሁም።

4. የመጀመሪያው ጊዜ አምሮብኝ ነበር። አፍንጫዬ ከመሐሉ ብድግ አለ። አንዲት የሙሽራ እናት ፎቶ ቤት መጥታ "የልጄን አፍንጫ እንዳንቺ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ" ብላኝ፣ ያን ቀን ደስታ አጥግቦኝ ምሳዬን ረስቼ ዋልኩ። የተሞላው ሲጎድል ደግሜ ተወጋሁ። ሲጎድል ደግሞ እንደገና። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔ ግን ሲሉ እንኳ አልሰማሁም፣ በገዛ እጄ ያሳመርኩትን የሰው ፎቶ አይቼ ነው።

5. ዛሬ አፍንጫዬ በግራ በኩል አብጦ ጠጥሯል። ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል፤ ሲበርድ ወደ ጥቁረት ይሄዳል። አንዱ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሌሊት አፌን ከፍቼ ስለምተኛ ጠዋት ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ እነሣለሁ። ሥራ ቦታ ጭምብል አደርጋለሁ፤ ደንበኞች ጉንፋን መስሏቸው "እግዜር ይማርሽ" ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ።

6. የፊት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ቀርቤ ተመርምሬያለሁ። ሐኪሙ ሊረዳኝ ፈቃደኛ ነው። የተወጋሁት የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ፣ በሌላ መርፌ አሟሙቶት፣ እብጠቱ እስኪረጋ ጠብቆ፣ ከጆሮዬ ለስላሳ አጥንት ወስዶ አፍንጫዬን በቀዶ ሕክምና ያስተካክለዋል። የማይሟሟው ከተቀላቀለበት ግን ቆዳዬን ገልጦ መፋቅ አለበት፤ ያን ጊዜ የሳሳው ቆዳ ሊሞት ይችላል። ከሞተ ከግንባሬ ተወስዶ ይለጠፋል። በማሽን የተነሣሁት ምስል ባዕድ ነገር መኖሩን ያሳያል እንጂ ምን ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አይለይም። "ምን እንዳለበት ሳላውቅ ቢላ አላነሣም። የወጋችሽ ሰው ትምጣና ትንገረኝ። ቆዳው በራሱ ከተቀደደ ግን እኔም አንቺም ምርጫ የለንም" ብሎኛል። በየጠዋቱ መስታወት ፊት የምቆመው ለመኳኳል አይደለም፤ ተቀደደ ወይስ አልተቀደደም ብዬ ነው።

7. ሐኪሙ ግዴታው ስለሆነ ጉዳዩን ለጽሕፈት ቤትዎ አሳወቀ። ሠራተኞቻችሁ መጥተው የእንግዳ ክፍሉን አሸጉ። ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ ግን እንቁላል ብቻ አገኙ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ የተረፈውን ሁሉ ሰብስባ ጥላው ኖሯል። ሴትዮዋ በሕይወቷ ስትጥል ያየሁት ያንን ብቻ ነው። ልጇን ማዳኗ ነበር፤ ሁለተኛዋን ልጇን አላሰበችም። ስለዚህ አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ነገር ዛሬ የሚታወቀው ከእህቴ ጭንቅላት ብቻ ነው።

8. ከዚያም ምርመራው እስኪያልቅ እኔና እህቴ እንዳንገናኝና እንዳንነጋገር የሚል ትእዛዝ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰን። ትእዛዙን አክብረናል። ክቡር ኃላፊ፣ የምንኖረው ግን በአንድ ቤት ነው፤ መታጠቢያ ቤታችን አንድ ነው፣ ምድጃችንም አንድ ነው። እናቴ መሐል ቆማ "ጨው አልቋል በያት ትላለች"፣ "በርበሬውን አታብዢው በያት ትላለች" እያለች ታመላልሰናለች። ኮሪደሩ ላይ ስንገጣጠም ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። እህቴ አፍንጫዬን ቀና ብላ ካየችው ሰንብቷል፤ ነርስ ናትና ብታየው ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ በአንድ እይታ ታውቅ ነበር።

9. መፍትሔ ፍለጋ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ባለሙያ "የተወጋሽውን መድኃኒት ስም ከእህትሽ ጠይቀሽ አምጪ" አሉኝ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ባለሙያ "እህትሽን ካናገርሽ ትእዛዝ መጣስ ነው" አሉኝ። ሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ሁለቱም ትሕትና አላጎደሉብኝም፤ ወንበር ሰጥተውኛል። ቡድን መሪው ደግሞ እህቴ ለማንም የምትናገረው ቃል ሁሉ በቀጥታ ከመዝገቡ እንደሚያያዝ ነገሩኝ። ጠበቃዋም ይህንኑ አውቆ "ትንፍሽ እንዳትዪ" ብሏታል። በጠበቃው አልፈርድም፤ የተቀጠረው ለእሷ አፍ እንጂ ለእኔ አፍንጫ አይደለም።

10. በመሐሉ የምጎዳው እኔ ነኝ። እህቴ ዝም ካለች ሐኪሙ አይነካኝም። እህቴ ከተናገረች ፈቃዷ ይሰረዛል፤ እናታችንን የምትጦረውም ሆነ የቤቱን ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ማለት ለእኛ ተረት መሆኑ ቀርቷል።

11. ይህን አቤቱታ ዛሬውኑ ለማቅረብ ያስቸኮለኝ የትናንቱ ነገር ነው። እናቴ ከማድቤት ወደ እኔ ክፍል መጥታ፣ እንደ ጨው ወሬዋ ሁሉ በሩ ላይ ቆማ፣ "ሰኞ ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ፈቃዱንም ይውሰዱት፣ በያት ትላለች" አለችኝ። መልስ እንድሰጣት ጠበቀች። "ተይ፣ አትናገሪ" ልል አልቻልኩም፤ መተንፈስ እፈልጋለሁ። "ተናገሪ" ማለትም ከአፌ አልወጣም። እናቴም "እንዲያ ከሆነ ምን ልበላት?" አለችኝና፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ሄደች። ስለዚህ መልሱን ከእርስዎ ልለምን መጣሁ፤ ሰኞም ቅርብ ነው።

ከዚህ በላይ በተገለጸው ምክንያት በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. እህቴ ሰኞ ከመቅረቧ በፊት፣ በየትኛው ቅዳሜ የትኛውን ዓይነት እንደወጋችኝ ለሐኪሜ ብቻ፣ በሕክምና ምስጢርነት እንድትናገር እንዲፈቀድላት፤

ለ. ይህ ቃሏ ለሕክምናዬ እንጂ ለክሱ እንዳይውል በጽሑፍ እንዲረጋገጥላት። ያለ ፈቃድ በመሥራቷ የሚገባት ቅጣት ካለ በሌላው ማስረጃችሁ ይታይ፤ እሱን አልቃወምም፤ እንዲቀርላትም አልለምንም፤

ሐ. እንዳንገናኝ የተሰጠው ትእዛዝ ቢያንስ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግልኝ ጊዜ እንዲነሣ።

ስለ መጨረሻው ጥያቄ አንድ ነገር ላክል። ሆስፒታሉ ከመተኛቴ በፊት የአስታማሚዬን ማንነት ጠይቆኛል። እናቴ ደም ስታይ ራሷን ትስታለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሚስት "እኔ አለሁልሽ" ብላኛለች፤ እግዜር ይስጣት፣ ደግ ሰው ናት። እኔ ግን ያስመዘገብኩት እህቴን ነው። ይቅር ስላልኳት አይደለም፤ ገና አልተጣላኋትም፤ የምንጣላበት ዕድል አልተሰጠንም። ከሰመመን ስነቃ አፍንጫዬ ምን ሆኖ እንደምነሣ አላውቅም። ምንም ሆኖ ብነሣ ግን መጀመሪያ የማለቅስባትና የምሳደብባት እሷ ናት፤ እሷም ያንን ተቀብላ ፋሻዬን የምትቀይርልኝ ሰው ናት። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ይፍቀዱልኝ።

ውሳኔዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የፎቶ ቤት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለቀዶ ሕክምና ሐኪሜ