የመከታ ጾም

ልጄ ማዕረግ፣ የአዲስ ዓለም ማርያም ከኖርዌይ ብርድም ከክፉ ሰውም ትከልልህ። እኛ ደኅና ነን፤ እናትህ ጉልበቷን ቢያማትም ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም።

ያስገዛኸኝ ቡችላ፣ መከታ፣ «ና» እና «ቁጭ በል»ን በቁራጭ ሥጋ ተማረልኝ። አንተ በስልክ «አባባ፣ ሥጋውን ቀስ በቀስ ቀንስ፤ አንዴ ስጠው፣ አንዴ በምስጋና ብቻ እለፈው» ብለህ ነበር። እኔ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ቤቱ ከጾመ እሱም ይጹም ብዬ በአንድ ቀን አቆምኩት።

ጎረቤታችን ኦቦ ሆርዶፋ ጴንጤ ነው፣ አይጾምም። መከታ ጥሪዬን ትቶ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ እሱ ደጅ መዋል ጀመረ። ሆርዶፋም ገበያ መሃል «ኦቦ ተድላ፣ ውሻህ እኮ ሃይማኖት ቀየረ» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አልዋሽህም፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ በውሻ ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ ምክርህን ሰማሁ። ሲታዘዝ አንዳንዴ ደረቅ ዳቦ እሰጠዋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን «ጎሽ» ብዬ ጀርባውን አሸዋለሁ።

ትናንት ባዶ እጄን ጠራሁት። ሆርዶፋም ከአጥር ማዶ አጥንት ይዞ ጠራው። መከታ ሄዶ አጥንቱን ተቀበለና፣ ተመልሶ እግሬ ሥር ተኝቶ ጋጠው። በጾም፣ በገዛ ግቢዬ፣ አልከለከልኩትም። ሆርዶፋም በዚህ ጊዜ አልሳቀብኝም።

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ለሆርዶፋ በየበዓሉ እንደምትደውል አውቃለሁ። ደውልለት፣ አልከለክልህም። የመከታን ወሬ ግን እኔን ጠይቀኝ።

አባትህ ተድላ፣ ከአምቦ